የኢም መንደር ሰዎች ውርስ

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ይህን ተረት በሥራቸው ውሸት ያደረጉ ሰዎች ግን በየአገሩ ተነሥተዋል። በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሸር አውራጃ፣ በኮረብታዎች መካከል የምትገኘው የትንሿ የኢም መንደር ሰዎች ከእነዚህ ወገን ናቸው።

በ1665 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የለንደንን ሕዝብ ቸነፈር ይፈጀው ነበር። በዚያው ዓመት በኢም ለሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጨርቅ መጣለት። የልብስ ሰፊው ረዳት ጆርጅ ቪካርስ በሴፕቴምበር ወር ሞተ፤ ከእርሱም በኋላ ሞት በየቤቱ ገባ። በሽታው የመጣው በጨርቁ ውስጥ በነበሩ ቁንጫዎች ነው ይባላል። የቸነፈሩ ተሐዋሲ የታወቀው ግን በ1894 ስለ ሆነ፣ እነዚያ ሰዎች የሚገድላቸውን ጠላት አያውቁትም ነበር።

በመንደሩ ሁለት ቄሶች ነበሩ። ዊልያም ሞምፐሰን የሰበካው ሹም ነበር። ቶማስ ስታንሊ ግን በመንግሥት የታዘዘውን የጸሎት መጽሐፍ አልቀበልም በማለቱ አስቀድሞ ከዚያው ሹመት ተሽሮ ነበር። በ1666 በጋ እነዚህ በሥርዓት የተለያዩ ሁለት ሰዎች በአንድነት ቆመው ሕዝቡን መከሩ፦ በሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ማንም ከወሰኑ አይውጣ፤ ጸሎት በሜዳ ይደረግ፤ ሙታንንም ቤተ ሰቦቻቸው በየአጥቢያቸው ይቅበሩ። የውጭ ሰዎች ምግብ ከወሰኑ ላይ ያስቀምጡላቸው ነበር፤ የመንደሩ ሰዎችም ዋጋውን በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ፣ በኮምጣጤ ነክረው ይተዉላቸው ነበር።

የከፈሉት ዋጋ ግን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል እናት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች። የሞምፐሰንም ሚስት ካትሪን በኦገስት ወር ሞተች። በኖቬምበር መቅሠፍቱ ሲቆም፣ እንደ ተለመደው ቍጥር 260 ሰዎች አልቀው ነበር።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሁለቱ ቄሶች ስምምነት ነው። ሹሙ «የተሻረ ሰው ምን ያገባዋል?» ቢል፣ የተሻረውም «ሹሙ ይወጣው» ብሎ ቢቀመጥ፣ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ በየፊናው በሸሸ ነበር።

ያ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ዛሬም በስፍራው አለ፤ በየዓመቱም በኦገስት የመጨረሻ እሑድ ሰዎች ተሰብስበው ሙታኑን ያስባሉ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ቅርስ ማለት ግንብና ሐውልት ብቻ አይደለም። ጎረቤቱን ለማዳን ከደጁ ሳይወጣ የሞተ ገበሬም ለልጅ ልጆቹ ቅርስ ትቶ ያልፋል።