አርቱሮ ሜዜዲሚ

አርቱሮ ሜዜዲሚ (እ.ኤ.አ. 1922–2010) በኤርትራና በኢትዮጵያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠሩ ጣሊያናዊ የሕንፃ ነዳፊ ነበሩ። በአዲስ አበባ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራቸውን ሳያይ ያደገ የከተማው ልጅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከላንቻ ተነስቶ በጠመንጃ ያዥና በሪቼ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወጣ ሰው፣ አደባባዩን ተሻግሮ የዳግማዊ ምኒልክን ጎዳና ጥቂት እንደ ገፋበት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የአፍሪካ አዳራሽን ያገኛል። ለገሀር ባቡር ጣቢያ ቆሞ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ የሚያይ ደግሞ ዓይኑ የሚያርፈው በማዘጋጃ ቤቱ ማማ ላይ ነው። ሁለቱም የሜዜዲሚ እጅ ሥራዎች ናቸው።

የተወለዱት በመካከለኛው ጣሊያን፣ ሲዬና አጠገብ በምትገኘው ፖጂቦንሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ገና አፍላ ወጣት ሳሉ ወደ አስመራ መጡ። ኤርትራ የጣሊያን ቅኝ ግዛት፣ ኢትዮጵያም በወረራ ሥር ነበረች። በመጡ በዓመቱ ያ ሁሉ ግዛት ፈረሰ፤ አስመራም በእንግሊዞች እጅ ገባች። ብዙ ወገኖቻቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ሜዜዲሚ ቀሩ። የአርክቴክቸር ዲግሪ አልነበራቸውም። የተማሩት ጣሊያኖች «ጂኦሜትራ» የሚሉትን፣ ቅየሳን፣ የግንባታ ስሌትንና ንድፍን ያጣመረ መካከለኛ ሙያ ነው። ይህ የትምህርት መነሻቸው ሊናቅ አይገባም። መሬት ለክቶ፣ ዋጋ አስልቶ፣ ከግንበኛው ጋር ተማክሮ መሥራትን ከሥር የለመደ ሰው፣ ኋላ በጥድፊያ የታዘዘ ትልቅ ሥራ ሲገጥመው የሚይዘው የሚጨብጠው አይጠፋውም።

ስማቸውን መጀመሪያ ያስጠራው ጦርነቱ ባበቃበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 አካባቢ የሠሩት የአስመራው መዋኛ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደችበት ከ1945 ዓ.ም. ወዲህም፣ በአስመራ ሥራቸው እየሰፋ ሄደ፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘንድ ታወቁ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ እንድትሆን ተወሰነ። ከተማዋ ግን እንዲህ ያለ ጉባኤ የሚያስተናግድ ቤት አልነበራትም። ንጉሠ ነገሥቱ ሕንፃውን አሠርተው ለኮሚሽኑ ሊሰጡ ወሰኑ፤ ንድፉንም ለሜዜዲሚ ሰጡ። ቦታው ከአዲሱ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ተመረጠ። መሠረቱ ተቆፍሮ አዳራሹ እስኪመረቅ የፈጀው ጊዜ ዐሥራ ስምንት ወር ገደማ ነው። እብነ በረዱና መስታወቱ በመርከብ፣ ከወደብም በባቡርና በመኪና በሚመጣበት ዘመን ይህ የማይታመን ፍጥነት ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተማዋን በተኩስ አናወጣት። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1961፣ አዳራሹ ተመርቆ የኮሚሽኑን ጉባኤ ተቀበለ።

ሕንፃውን ቀርቦ ላየው ሰው መጀመሪያ የሚታየው ብርታቱ ሳይሆን ልከኛነቱ ነው። ከመንገዱ ሲታይ ረጅም ሆኖ ዝቅ ያለ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን አይጋፋም፣ ኋላው ያለውንም ሰማይ አይዘጋም። የውጭ ግድግዳው ጥቃቅን የሴራሚክ ንጣፍ ለብሷል። ንጣፎቹ ከሩቅ አንድ ወጥ መስለው ይታያሉ፤ ሲጠጉ ግን አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ደብዘዝ እያለ እንደ ጥለት ይነበባሉ። ነዳፊው በግድግዳና በጣሪያ ብቻ አላቆሙም፤ ልዑካኑ የሚቀመጡበትን ወንበርና ጠረጴዛ ጭምር ራሳቸው ነድፈዋል። ይህ ከቅንጦት የመጣ አይደለም። ሜዜዲሚ አዳራሹን ያሰቡት እንደ አንድ ሙሉ ሐሳብ ነበር፦ ገና ነፃነታቸውን ያገኙ አገሮች መሪዎች በሌላ አህጉር ከተሠራ አዳራሽ የማያንስ የራሳቸው ቤት ውስጥ፣ በእኩል ወንበር እንዲቀመጡ።

ሐሳቡን ያሟላው ግን የኢትዮጵያዊ ሠዓሊ እጅ ነው። በመግቢያው አዳራሽ ያሉት ሦስት ታላላቅ የቀለም መስታወቶች የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ናቸው፤ ስፋታቸው 150 ካሬ ሜትር ነው። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያሉ። የነደፏቸው ሠዓሊ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሜዜዲሚ ያን ያህል ስፋት ለሥዕል ለቀው፣ የሕንፃቸውን ዋና ገጽ ለሌላ ሰው ጥበብ መስጠታቸው ለእኔ ከንድፋቸው ሁሉ ትልቁ ውሳኔ ነው። ፀሐይ ስትገባ ቀለሙ ከመስታወቱ ወርዶ ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ሰው በቀይና በአረንጓዴ ብርሃን ውስጥ ሲያልፍ ልብሱ ይቀለማል።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች በዚህ ጣሪያ ሥር የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። ቤቱ ከዚያ ቀን ወዲህ የታሪክ ሥፍራ ሆኗል። የዚህ ትርጉም እንዲገባ የአካባቢውን ስሞች ማስታወስ ያስፈልጋል። ላንቻ ስሙን ያገኘው ላንቺያ ከሚባለው የጣሊያን መኪና እንደሆነ ይነገራል። ካዛንችስ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው፣ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ስም የመጣ ነው፤ ፖፖላሬም እንዲሁ የጣሊያኖች የሕዝብ ቤቶች ስም ነው። ወረራው በዚህ ሰፈር ለራሱ ሰዎች ቤት ሠርቶ፣ ለከተማው ስም ጥሎ ሄደ። ሜዜዲሚም የመጡት በዚያው ዘመን፣ በዚያው መንገድ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ካዛንችስ አፍ ላይ የቅኝ ግዛት ማብቂያ የታወጀበትን አዳራሽ የሠሩት እሳቸው ሆኑ። የሕይወት ታሪካቸው ክብደት ያለው እዚህ ነው እንጂ በሕንፃዎቻቸው ብዛት አይደለም።

የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሁለተኛው ታላቅ ሥራቸው ነው። ንድፉ የተጀመረው አፍሪካ አዳራሽ እንዳለቀ ሲሆን ግንባታው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ተጠናቀቀ። ቸርችል ጎዳና ከለገሀር ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ የሚያልቅበት ጉብታ ላይ፣ ፒያሳ አጠገብ፣ ክንፎቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ማማው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክንፎቹ ግራና ቀኝ ይረዝማሉ። የከተማው አስተዳደር ቢሮዎች፣ የስብሰባና የቴአትር አዳራሽ በአንድ ግቢ ተጠቃለዋል። አዲስ አበባ ቀጥ ያለ መንገድ የማይበዛባት ከተማ ናት፤ ከባቡር ጣቢያው እስከ ማዘጋጃው ያለው መሥመር ግን ለዓይን የተሠራ ነው። መሥመሩን ሜዜዲሚ አልፈጠሩትም፤ ማብቂያ የሰጡት ግን እሳቸው ናቸው። ሕንፃው በቅርብ ዓመታት ታድሶ ማዘጋጃ ቤትነቱን ቀጥሏል።

እሳቸው በሠሩበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ብቻቸውን አልነበሩም። ፈረንሳዊው ኦንሪ ሾሜት የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃ ሠሩ። እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭና ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ደግሞ አብረው የፍልውሃ መታጠቢያን እና ከአፍሪካ አዳራሽ ብዙም ያልራቀውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ነደፉ። ኤናቭና ሚካኤል ከአገሩ ድንጋይና ከአየሩ ጋር ይበልጥ የተስማሙ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። ሜዜዲሚ የጣሊያኑን ዘመናዊ መሥመርና እብነ በረድ አልተውም። ነገር ግን አንድ የመንግሥት ሕንፃ ለሕዝቡ ምን ማለት እንዳለበት ከእሳቸው ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያየ ሰው በዚያ ዘመን አይገኝም።

የ1966ቱ አብዮት ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ የሜዜዲሚ የኢትዮጵያ ሥራም አበቃ። ወደ ጣሊያን ተመልሰው ሮም ኖሩ፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ2010 አረፉ።

አፍሪካ አዳራሽ በዓመታት ብዛት አረጀ፤ ጣሪያው፣ ንጣፉና መስታወቱ ሁሉ ጥገና ፈለገ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር መድቦ፣ ነዳፊው የተዉትን መልክ ሳይለቅ እንዲታደስ አደረገ፤ የጥንቶቹ የቤት ዕቃዎች ተጠገኑ፣ የውጭ ንጣፉ ቀለሙን እንዲመስል ሆኖ እንደ ገና ተሠራ፣ ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናከረ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። በዚያው ወቅት ከጎኑ ያለው አሮጌው ካዛንችስ በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት ነዋሪው ተነስቶ በሰፊው ፈረሰ። የአፈወርቅ መስታወቶች ግን ከቦታቸው ወርደው፣ አንድ በአንድ ተጠርገውና ተጠግነው፣ ወደ ነበሩበት መስኮት ተመልሰዋል።