ጥገናና ጥፋት
ስለ አሮጌው ቤዝ ጊታር ከራዲዮ የተነገረ



ከፀዳ ተነሥቶ ጎንደር ከተማ የሚገባ መንገደኛ ከፋሲል ግንብ ሲደርስ ጥቂት ቆም ብሎ ግድግዳውን ይመልከት። በዚያ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት እጅ አልፎበታል። የመጀመሪያው ድንጋዩን በኖራ እያያያዘ ያቆመው እጅ ነው። ሁለተኛው ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት የጠገነው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ሲሚንቶ ብርቱ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም ከኖራ ጋር አይስማማም፤ ኖራው የሚያሳልፈውን እርጥበት እርሱ አግዶ ያስቀረዋል። ስለዚህ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቤዝ ጊታር ነው። በግንቡ የጀመርነውም የጥገና ሕግ ለድንጋይም ለእንጨትም አንድ በመሆኑ ነው።

ቀድሞ በሙዚቃ ጓድ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ቁመቱ ከሰው የሚበልጠው ኮንትራባስ ነበረ። ለመሸከም የሚያስቸግር ከመሆኑም በላይ ከበሮና ጥሩምባ ሲበረቱ ድምፁ ይዋጥ ነበር። በካሊፎርኒያ ራዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን ባለ አራት ክር የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ አወጣ። ስሙም «ትክክለኛነት» ማለት ነው፤ በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ጣት ድምፁን ሳይስት እንዲያገኘው ይረዱታልና። በ1957 ድምፅ የሚያነሣው ማግኔት ለሁለት ተከፍሎ ተሠራ፤ በ1960 ደግሞ ጃዝ የተባለው ቤዝ ተከተለ።

ይህ መሣሪያ በአገራችንም ታላቅ ሥራ ሠርቷል። የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬና የኢቤክስ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወቱበትን ቤዝ የሰማ ሰው፣ ዘፋኙ በቤዙ ላይ ተደላድሎ እንደ ተቀመጠ ያስተውላል። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከኢቤክስ ጋር የቀረጸው «እሬ መላ መላ» ለዚህ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ ዓመታት ይልቁንም በአሜሪካ አንድ ልማድ ተስፋፋ። ባለቤቶች የጊታሩን ቀለም እየፋቁ ራቁቱን እንጨት አወጡት፤ አካሉንም እየቦረቦሩ ሌላ ማግኔት ጨመሩበት፤ አዲስ ብሎን ለማስገባት ቀዳዳ በቀዳዳ አደረጉት። በጊዜው መሣሪያው አሮጌ ዕቃ እንጂ ቅርስ አልነበረም። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» እንደ ተባለው ሆነና፣ ኋላ ዓለም ዋጋውን ሲያውቅ ብዙው ተበላሽቶ ተገኘ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ጊታር እንዴት ይታደሳል? አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ድምፅ የሚያበዛውና የሚያሳንሰው መዘውር ከበስተኋላው ቍጥር አለው፤ 1376612 የሚል ቢገኝ 137 የሠሪው ፋብሪካ ምልክት ሲሆን፣ መዘውሩ በ1966 በ12ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጊታሩም ከዚያ ቀን በፊት አልተገጠመም፤ መዘውሩ ኋላ የተለወጠ ካልሆነ በቀር። ቀጥሎ የተቦረቦረው ስፍራ ከአካሉ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ እንጨት፣ የእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ተጠብቆ ይደፈናል። ዋንዛን በባሕር ዛፍ የሚደፍን አናጢ እንጨቶቹ በእርጥበትና በድርቀት እኩል ስለማያብጡና ስለማይኮማተሩ ስንጥቅ ያተርፋል። የሰፋው የብሎን ቀዳዳ በጠንካራ እንጨት ተሞልቶ እንደገና ይበሳል። ማግኔቱ ላይ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ካልተበጠሰ ግን አይነካም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት በእድሳት ስም የሚሠራ ሁለተኛ ጥፋት ነው። የተረፈውን የቀድሞ ቀለም ፍቆ እንደ አዲስ የሚቀባ ሰው የመጀመሪያው አጥፊ ያስቀረውን ይጨርሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተፋቀ ቀለም ግን አይለቀምም።

ደግሞም ለውጥ ሁሉ ጥፋት አይደለም። በፋሲል ግቢ ውስጥ ኋላ የነገሡት ነገሥታት የየራሳቸውን ሕንፃ ጨምረዋል፤ ያም ታሪክ ሆኖ በ1979 ግቢው በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አብሮ ተከበረ። እንደዚሁም መለዋወጫ ባልተገኘበት ዘመን አንድ ሙዚቀኛ እንጀራውን ላለማጣት በጊታሩ ላይ ያደረገው ለውጥ የሕይወቱ ምስክር ነውና፣ ለመፋቅ ከመቸኰል በፊት ማን፣ መቼና ስለ ምን እንዳደረገው መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ በቤታችሁ አሮጌ ጊታር፣ በገና ወይም ክራር ቢኖር ሦስቱን ነገር አስቡ። ሳትመረምሩ አትንኩ፤ ከላዩ ያነሣችሁትን ሁሉ፣ ብሎን እንኳ ቢሆን፣ አትጣሉ፤ ነገ ሌላ ሰው ሊፈታው የማይችለውን ሥራ አትሥሩ። ኖራውን በሲሚንቶ የለወጠው ሠራተኛም በጎ ያደረገ መስሎት ነበር።