ብርዝና ቄሪቦ፤ ለማይጠጣው እንግዳ የሚቀዳው



የቂሊንጦ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ቢራ ጎረቤታችን ነው። ሄኒከን እዚሁ ሰፈራችን ያሠራው ፋብሪካ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት በዓመት 150 ሚሊዮን ሊትር ያህል እንዲጠምቅ ታስቦ ነበር። ስለ ቢራ ግን ብዙ ተብሏል። እኛ በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ልናነሣ የፈለግነው የሌላውን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ድንኳናችን ለሠርግም ሆነ ለተዝካር ሲተከል «እኔ እንኳ አልጠጣም» ለሚለው እንግዳ የሚቀዳውን። እንዲህ የሚለው ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ሙስሊሙ አለ፣ ጴንጤው አለ፣ ነፍሰ ጡሯ አለች፣ መድኃኒት የጀመረ አለ፣ ልጆቹም አሉ።

ልጆቻችን የማያሰክር መጠጥ ሁሉ ከፋብሪካ የመጣ ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1950ዎቹ ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ላይ በጠርሙስ መሞላት ጀመረ፤ በኋላም የሐረር ቢራ ፋብሪካ አልኮል የሌለውን ሶፊን አወጣ። ሄኒከን የሐረርንና የበደሌን ፋብሪካዎች ከመንግሥት የገዛው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ ሶፊም አብሮ ወደ እሱ አለፈ። እነዚህ ሁሉ ግን የትናንት ናቸው። ከነዚህ በፊት ብርዝ ነበረ።

ብርዝ ማለት መቼም ማር በውኃ ተበጥብጦ፣ ሰፈፉ ተጣርቶ የሚጠጣ ነው። በኦሮምኛ ቡልቡላ ይሉታል። ጠጅ ቤት የገባ ሰው «ደረቅ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ወይስ ለስላሳ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከለስላሳውም በታች ያለው ብርዝ ነው። (ዛሬ ለስላሳ ሲባል ጠርሙሱ ነው የሚመጣው፤ ቃሉን ጠጅ ቤት ቀድሞት ነበር።) የሚቀዳውም በዚያው በብርሌ ነው፤ በዚህም የማይጠጣው ሰው ከጠጪው ተለይቶ አይታይም። ይህን ትልቅ ነገር አድርገን እናየዋለን። አዲስ የተበጠበጠው የማሩን አበባ ያሸታል፤ ካደረ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል።

ቄሪቦ ደግሞ የገብስ ነው። አንዳንዱ ቀሪቦ ይለዋል። በጅማ በኩል በእስላም ቤት በበዓልና በሠርግ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ግን አዲስ አበባም ድግስ ላይ እናገኘዋለን። ገብሱ እንደ ጠላ አሻሮ እስኪጠቁር ይቆላል፤ ከዚያ በውኃ ይፈላል፤ ሲበርድ ይጣራና ስኳርና እርሾ ይገባበታል። ተከድኖ ያድርና በማግሥቱ አረፋውን ይዞ ይቀርባል። ቀለሙ ቡና ነው፤ ጣዕሙ የተቆላ እህልና የስኳር፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መረር የሚል። ከጠርሙሱ ማልት ጋር አስተያይተን ቀምሰነዋል፤ እኛ ለቄሪቦው ነው የምናደላው፤ ጥሩ ተቆልቶ ከሆነ ማለታችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ጌሾ ካልገባበት አያሰክርም» ይባላል። ትክክል አይደለም። ጌሾ ምሬቱንና መዓዛውን ይሰጣል፤ የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ይከላከላል፤ አልኮሉን የሚሠራው ግን እርሾ ነው። ማር ውስጥ በተፈጥሮው እርሾ አለ፤ ማሩ እንደጠጠረ ሳለ ዝም ይላል፤ ውኃ ሲያገኝ ይነሣል። ቄሪቦማ እርሾውን በእጃችን ነው የምንጨምርበት። ስለዚህ ዛሬ የተበጠበጠ ብርዝና ከሦስት ቀን በኋላ ያው ብርዝ ስማቸው አንድ ቢሆንም መጠጡ አንድ አይደለም።

ይህ ጭቅጭቅ በሌላ አገርም ተነሥቶ ነበር። አሜሪካኖች ከዛፍ ሥርና ቅርፊት የሚያዘጋጁት «የሥር ቢራ» የሚሉት መጠጥ አላቸው። ቻርልስ ሃየርስ የሚባል የፊላደልፊያ መድኃኒት ቀማሚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 በዚያው ከተማ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ አስተዋወቀው። ቤት ወስደው ስኳርና እርሾ ጨምረው የሚያፈሉት ቅመም አድርጎ፣ ለማይጠጡ ቤተሰቦች ነበር የሚሸጠው። ነገር ግን መጠጥን የሚቃወሙት የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር «ስሙ ቢራ፣ እርሾም ያለበት፤ እንዴት አያሰክርም?» በማለት በ1895 አባላቱ እንዳይገዙት አሳደመ። ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰረ። በ1898 በላቦራቶሪ ሲመረመር የተገኘው አልኮል በዳቦ ውስጥ ካለው የማይበልጥ ኢምንት ሆነ፤ አድማውም ቆመ። ሴቶቹ መጠርጠራቸው አግባብ ነበር እንላለን፤ ስም ብቻ ሰምተው አላመኑም።

እኛ ላቦራቶሪ የለንም። ብርዝና ቄሪቦ የሚያዘጋጁልን እናቶችም ዕውቀታቸው በእጃቸው እንጂ በወረቀት አይደለም፤ ልጆቻቸውም ሳጥን ለስላሳ ማዘዝ ይቀላቸዋል፤ ከዕድሩ ገንዘብ የሚወጣውም ለዚያው ነው። ያ ገንዘብ ለነዚህ እናቶች ቢሆን ደስ ይለናል። ሲሆን ግን በእንስራውም ሆነ በጀሪካኑ ላይ የተዘጋጀበት ቀንና ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ሆነ ነፍሰ ጡሯ የሚጠጡት እኛን አምነው ነውና። አንድ ቀን ያለፈው ወደ ጠላው ጎን ይዞር፤ እዚያ የሚፈልገው ሞልቷል።