ከተማ ለደጋ ገበሬ ስለሚከፍለው የውሃ ዋጋ

የአሰላ ከተማ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ናት። ከጭላሎና ከጋለማ የሚፈልቁት ጅረቶች ከታርን ሞልተው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዚህ ደጋ ወደ ታች የወረደው ግን ውሃ ብቻ አይደለም፤ እህሉም ግብሩም አብሮ ሲወርድ ኖሯል። ራስ ዳርጌ በ1870ዎቹ ዓ. ም. አርሲን ለንጉሥ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ መሬቱ ለመኳንንትና ለወታደር ተደለደለ፤ የአገሩም ሰው በገዛ መሬቱ ገባር ሆነ።

በ1960 ዓ. ም. መባቻ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ካዱ የተባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ አቆሙ። ምርጥ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር ለትንሹ ገበሬ ይደርስ ዘንድ ታስቦ ነበር። ስንዴውስ በዛ፤ ነገር ግን ባለመሬቱ ትርፉን ባየ ጊዜ ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን ነቀለው። ጭሰኝነትን የሻረው የየካቲት 1967 ዓ. ም. አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቤተ ሰብ ተሰደደ። ከዚያም ወዲህ ሰው እየበዛ ስለ ሄደ እርሻው ዳገቱን ይዞ ወጣ። በእንዲህ ያለ ዳገት የክረምት ጎርፍ አፈሩን ከነፍጉና ከነማዳበሪያው አጥቦ ወደ ጅረቱ ያገባዋል።

የኒውዮርክ ከተማ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው ካትስኪልና ደላዌር ከተባሉ የደጋ አገሮች ነው። ይህን ውሃ ለማጣራት 6 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስፈልግ በተገመተ ጊዜ ከተማይቱ ለገበሬው መክፈል እንደሚሻላት አየች። የፍግ ማከማቻ ሠራችለት፤ ከብቱ ወንዝ እንዳይገባ አጥር አጠረችለት። ገበሬዎቹ ግን አስቀድመው ፈጽሞ አላመኗትም፤ ግድብ ስትሠራ መንደሮቻቸውን ያሰጠመች እርስዋ ናትና። ስለዚህ መግባቱ በፈቃድ እንዲሆን፥ ሥራውንም ራሳቸው እንዲመሩት ጠየቁ። በአምስት ዓመት ከመቶው 85 ገበሬ እንዲገባ ስምምነት ሆነ፤ የገቡት ከዚያም በለጡ። ከደጋው አገር ጋር ዋናው ውል የተፈረመው በ1989 ዓ. ም. (በፈረንጆች 1997) ነው።

በአገራችንም የወላይታ ሑምቦ ገበሬዎች 2,700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ ከልለው ዛፉ በማቆጥቆጡ በዓለም ባንክ በኩል የካርቦን ዋጋ ተቀብለዋል። ይህ ክፍያ ግን ለአየር ነው፤ ከፋዩም ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው። ውሃን የሚጠጣው ጎረቤት ነው።

በጭላሎ ወገብ ገብስ የሚዘራው ሰው ከጅረቱ ዳር ጥቂት እርምጃ ተው ቢባል የሚያጣው የልጆቹን ቀለብ ነው። መሬቱ በሕግ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ተው ማለቱ ይቀላል፤ በምን ይተካለታል ብሎ መጠየቅ ግን በአርሲ ታሪክ እምብዛም አልተለመደም። ምትኩም ሁልጊዜ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ የከብት መኖና ችግኝ፥ የክረምቱን ወራት የሚያሻግር እህልም ይበቃ ይሆናል።