ኮርሸም የሚል ደረቅ ፍራፍሬ (ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ)

በስሱ ተቆርጦ፣ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር የደረቀ ሙዝ፣ ፖም ወይም ማንጎ ነው። በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው የመኖሪያ ሰፈር በሳውዝ ሲ ይህን ቤት ውስጥ ለሚያዘጋጅ ሰው ወሳኙ የፀሐዩ ብርታት ሳይሆን ፍሬው ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ነው። ጥርና የካቲት በናይሮቢ ደረቅና ፀሐያማ ወራት ናቸው፤ ሆኖም በስኳር የበለጸገ ፍሬ ሌሊቱን ከአየሩ እርጥበት መልሶ ስለሚስብ፣ በፀሐይ ብቻ የደረቀው እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ ደመናማ ነው።

ፀሐይ በነጻ ናት፣ የኦቨን መብራት ግን ያስከፍላል የሚለው ተቃውሞ ሚዛን ይደፋል። መልሱ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የተቆረጠውን ቀን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ማስጣት፣ ማታ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ኦቨን፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ መጨረስ። የሎሚ ጭማቂ መጥቆርን ይቀንሳል እንጂ ፍሬውን አያደርቅም። ከኦቨኑ ሲወጣ ለስላሳ ሆኖ ቢገኝ አልደረቀም ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ስኳሩ የሚጠነክረው ሲበርድ ነው። ማንጎ ግን እልኸኛ ነው፤ ለጀማሪ ፖም ይሻላል። የሱቁን የሙዝ ቺፕስ ጥራት ከዚህ መጠበቅም አያስኬድም፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በዘይት የተጠበሰ ነው። የደረቀው በደንብ ከበረደ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ይከደናል።