ላዕልና ታህት፦ ከናይቲንጌልና ከፋር ሁለት ቁጥሮች የምንማረው



ዛሬ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። በአደባባይ ክርክር ውስጥ ሰውን የሚያሳምን ቁጥር ሁሉ ሊታመን የሚገባው ቁጥር ነውን? ጥያቄውን በደፈናው ከማተት ይልቅ በሁለት ሰዎችና በሁለት ቁጥሮች ታሪክ ብከተለው እመርጣለሁ። ሰዎቹ ፍሎረንስ ናይቲንጌልና በእንግሊዝ የልደትና የሞት መዝገብ መሥሪያ ቤት ዋናው የስታቲስቲክስ ሊቅ የነበሩት ዊልያም ፋር ናቸው። ቁጥሮቹ ደግሞ 1,022.8 እና 90.84 ናቸው። ሁለቱም አስደንጋጭ ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ስሌት የመጡ ናቸው። አንደኛው ግን እስከ ዛሬ ሲከበር፣ ሌላው ገና ታትሞ ሳይውል ሳያድር ተነቅፏል።

ናይቲንጌል ከ38 ነርሶች ጋር በቁስጥንጥንያ አጠገብ ወደሚገኘው የስኩታሪ ሆስፒታል የደረሱት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1854፣ የክራይሚያ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከፋር ጋር ሆነው የሠራዊቱን የሞት መዝገብ በየወሩ ለይተው አሰሉ። በጃንዋሪ 1855 ብቻ በአማካይ 32,393 ከሚሆነው ሠራዊት ውስጥ 2,761 ወታደሮች መከላከል ይቻል በነበረ በሽታ ሞተው ነበር። በቁስል የሞቱት 83 ብቻ ናቸው። የበሽታው ሞት በዓመት ሲታሰብ ከሺህ ሰው 1,022.8 ይሆናል።

ከሺህ ሰው ከሺህ በላይ እንዴት ይሞታል? መልሱ በስሌቱ ትርጉም ውስጥ ነው። የወሩ ሞት በ12 ተባዝቷል። ይኸው ሞት በየወሩ ቢደገምና ምትክ ጦር ባይላክ ኖሮ ሠራዊቱ ዓመት ሳይሞላው ባለቀ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ የሚያስደነግጠው ተጋንኖ ሳይሆን፣ የሆነው ነገር ራሱ አስደንጋጭ ስለነበረ ነው።

ፋር ስታቲስቲክስ ደረቅ ንባብ ሊሆን ይገባዋል የሚል አቋም ነበራቸው። ናይቲንጌል ግን ሰንጠረዥ የማያነቡ ሹማምንትን ማሳመን ስለፈለጉ ወደ ሥዕል ዞሩ። በ1858 ባሳተሙት ክብ ሥዕል እያንዳንዱ ወር አንድ ክፍል ሲሆን፣ ሰማያዊው መከላከል የሚቻል በሽታን፣ ቀዩ ቁስልን፣ ጥቁሩ ሌላውን ምክንያት ያሳያል። ቀድሞ በተሠራው ሥዕል ግን የሞት ምጣኔው የተለካው ከመካከል እስከ ጠርዝ ባለው ርዝመት ነበር። ዓይን ግን ርዝመትን ሳይሆን ስፋትን ያያል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በኋላ በታተመው ሥዕል ምጣኔው በስፋት እንዲለካ ተደረገ። እንዲህ በማድረጋቸው ሥዕሉ ያጣው ኃይል የለም፤ ተቺ የሚይዝበትን ቀዳዳ ግን ደፈነ።

ሌላ ልናስተውለው የሚገባ ምርጫም አለ። ሥዕሉ በሁለት ክቦች የተከፈለ ነው፤ አንደኛው በማርች 1855 ያበቃል፣ ሌላው በኤፕሪል ይጀምራል። መለያው የንጽሕና መርማሪ ቡድኑ ስኩታሪ የደረሰበት ወር ነው። ተመልካቹ «ከቡድኑ በፊት» እና «ከቡድኑ በኋላ» ብሎ እንዲያነብ ይጋበዛል። ይሁን እንጂ በሰንጠረዡ ስናይ የበሽታው ሞት በጃንዋሪ 2,761፣ በፌብሩዋሪ 2,120፣ በማርች 1,205 ነበር። ቅነሳው ቡድኑ ሥራውን ሳይጀምር ተጀምሯል ማለት ነው። ይህ የጽዳት ሥራው አልጠቀመም ማለት አይደለም። ነገር ግን የክረምቱን ማለፍና የሌሎችን ምክንያቶች ድርሻ ለመመዘን ሥዕሉ ብቻውን አይበቃም። ሰንጠረዡን ከሥዕሉ ጋር በማተማቸው ግን እኛ ዛሬ ይህን ጥያቄ ለማንሣት በቅተናል።

ሁለተኛው ቁጥር በ1863 በወጣው የናይቲንጌል የሆስፒታሎች መጽሐፍ ሦስተኛ እትም ውስጥ የሚገኝ የፋር ስሌት ነው። በለንደን ባሉ 24 ሆስፒታሎች ሞት ከመቶ 90.84 እንደሆነ ሰንጠረዡ ይናገራል። አንባቢው ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ሞተዋል ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። ላዕሉ የዓመቱ ሟቾች ብዛት ነው። ታህቱ ግን በዓመቱ የታከሙት ሰዎች ሳይሆኑ በአንድ ቀን አልጋ ላይ የተገኙት ሕሙማን ናቸው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። መቶ አልጋ ያለው ሆስፒታል በእያንዳንዱ አልጋ በዓመት አሥር ሕሙማንን ቢያስተናግድ አንድ ሺህ ሰው ያክማል። ከእነርሱ 90 ቢሞቱ፣ ከታካሚው 9 በመቶ፣ ከአልጋው ግን 90 በመቶ ሞተ ይባላል። ሁለቱም የስሌት ስሕተት የለባቸውም። ሆኖም ጽኑ ሕሙማንን ተቀብሎ ፈጥኖ የሚያሰናብት የከተማ ሆስፒታል በሁለተኛው መለኪያ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ይመስላል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ስሌት ስለምን በአንዱ ቦታ ቆመ፣ በሌላው ወደቀ? ወታደሩ በወሩ ውስጥ በአብዛኛው ያው ሰው ነው፤ በአልጋው ላይ ያለው ሕመምተኛ ግን ይለዋወጣል። በጦሩ ታህቱ ለአደጋው የተጋለጡትን ሰዎች ይወክላል፤ በሆስፒታሉ አይወክልም። ተቺ ሐኪሞች ይህን ሲያጋልጡ ክርክሩ ከሆስፒታል ንጽሕና ወጥቶ ወደ ሒሳብ ዞረ። የተጎዳው እውነተኛው ጉዳይ ነበር፤ የከተማ ሆስፒታሎች በእርግጥ የተጨናነቁና የቆሸሹ ነበሩና።

በእኛም የምርምር ጽሑፎችና ሪፖርቶች «ይህን ያህል በመቶ» የሚል ሐረግ ይበዛል። ከምን መቶ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ታህቱን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጻፉ፤ ሥዕሉን ከሰንጠረዡ አትለዩ፤ ቁጥራችሁን የሚሰማ ሰው በራሱ ቃል ምን ብሎ እንደሚደግመው አስቀድማችሁ አስቡ። የሚደግመው ዓረፍተ ነገር ሐሰት ከሆነ፣ ስሌቱ ትክክል መሆኑ አያድናችሁም፤ የቆማችሁለትንም ሰው አያድነውም።