በሁለት አውቶቡስ ሄደው በአንድ ተመለሱ

የስፖርት ታሪክ ሲጻፍ የሚጻፈው ስለ ዋንጫ ነው። ዋንጫ ያልመጣበት ዓመት በመዝገብ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይቀራል፤ የሚያነሳውም የለም። እኛ ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው ግን አንድ የኮሌጅ ቡድን አንድ ጊዜ ብቻ አሸንፎ ዘጠኝ ጊዜ የተሸነፈበትን ዓመት ነው። መሸነፉ አይገርምም። የሚገርመው ያ የሽንፈት ዓመት ውሎ አድሮ እንደ ጀግንነት ተቆጥሮ መጽሐፍና ፊልም የወጣለት መሆኑ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እስቲ ከሥሩ እንመልከተው።

ቦታው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1954 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ያን ጊዜ ወንዶች ብቻ የሚማሩበት፣ ወታደራዊ ሥርዓት የሰፈነበት ኮሌጅ ነበር። እግር ኳስ የሚሉትም እኛ የምናውቀውን አይደለም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ተይዞ ይሮጣል፣ ይወረወራል። ተጫዋቹ የራስ ቁር ደፍቶ፣ ትከሻውን በመከላከያ ሸፍኖ ከባላጋራው ጋር ይላተማል። በዚያ አገር የኮሌጅ ቡድን ማለት የኮሌጁ ክብር ማለት ነው። የኤ ኤንድ ኤም ቡድን ግን በ1953 ካደረጋቸው አሥር ግጥሚያዎች አራቱን ብቻ አሸነፈ፤ በአምስቱ ተረታ፤ በአንዱ አቻ ወጣ። ስለዚህ አዲስ አሠልጣኝ ተፈለገ።

የተገኘው ፖል ብራያንት ነው። በልጅነቱ ከድብ ጋር ትግል ገጥሟል እየተባለ «ድቡ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቅ ነበር። ከዚያ በፊት በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ስምንት ዓመት አሠልጥኖ ስም ያወጣ ሰው ነው። እንደመጣ ቡድኑን አየና ልፍስፍስ ነው ብሎ ደመደመ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ተጫዋቾቹን በሁለት አውቶቡስ ጭኖ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይዟቸው ሄደ። ጃንክሽን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው የወሰዳቸው።

ቴክሳስ በዚያ ዘመን ለዓመታት በዘለቀ ድርቅ ተመትታ ነበር። ሜዳው ሣር የሌለው፣ ጠጠርና እሾህ የሞላበት ነው። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ልጆቹ ሊነጋ ሲል ይቀሰቀሳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይላተማሉ፣ ማታ ደግሞ ስብሰባ ይቀመጣሉ። ከሁሉ የከፋው ግን በልምምድ ሰዓት ውሃ መጠጣት ክልክል መሆኑ ነው። ይህ የብራያንት ፈጠራ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የነበሩ ብዙ አሠልጣኞች ውሃ የሚጠይቅ ተጫዋች ሰነፍ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አካል ግን እምነት አያውቅም። ሰው በሙቀት ውስጥ ሲደክም የሚቀዘቅዘው በላቡ ነው፤ ላብ ደግሞ ከውሃ እንጂ ከወኔ አይመጣም። ከተጫዋቾቹ አንዱ በሙቀት ተመትቶ ወደቀና ለጥቂት ከሞት ተረፈ።

አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። በየሌሊቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚጠፋው በዛ። ቁጥሩ እንደ ተራኪው ቢለያይም፣ ከሄዱት 100 ያህል ልጆች እስከ መጨረሻው የቆዩት 35 ገደማ ናቸው ይባላል። ከቀሩት አንዱ የነበረው ጂን ስታሊንግስ በሁለት አውቶቡስ ሄደን በአንድ ተመለስን እያለ ሲያወራው ኖሯል።

እንግዲህ ወደ ውጤቱ እንምጣ። የመጀመሪያው ግጥሚያ በገዛ ሜዳቸው ከቴክሳስ ቴክ ጋር ነበር፤ 41 ለ 9 ተሸነፉ። ቀጥሎ በኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም 14 ለ 6 ተረቱ። ከዚያ ጆርጂያን 6 ለ 0 አሸነፉ፤ የዓመቱ ድል ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ሂዩስተን 10 ለ 7፣ ቲ ሲ ዩ 21 ለ 20፣ ኤስ ኤም ዩ 6 ለ 3 አሸነፏቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ለጥቂት ያመለጡ ጨዋታዎች ናቸው። ተቀያሪ በሌለበት ቡድን ያው አንዱ ልጅ ያጠቃል፣ ያው እሱ ይከላከላል፤ መጨረሻው ላይ ጉልበት ያልቃል። በጃንክሽን መንገድ የቀሩት ልጆች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነበር። አራት ድል የነበረው ቡድን በአንድ ድል ዓመቱን ዘጋ።

«ቆይ እንጂ፣ ኋላ ሻምፒዮን ሆነዋል እኮ!» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1956 አንድም ሳይሸነፉ፣ በአንድ ግጥሚያ ብቻ አቻ ወጥተው የሳውዝዌስት ሻምፒዮን ሆነዋል። አፈ ታሪኩም የተሠራው በዚህ ነው፤ ጥሙ ብረት አደረጋቸው፣ ብረቱም ዋንጫ አመጣ ይባላል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ይዘለላል። አንደኛ፣ በ1956 ቡድን ውስጥ ከጃንክሽን የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። የቡድኑ ትልቅ ኮከብ ጆን ዴቪድ ክሮው፣ በ1957 የአገሪቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ያገኘው፣ ጃንክሽንን አላያትም፤ በ1954 ጀማሪ ተማሪ ስለነበር ለዋናው ቡድን መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ሁለተኛ፣ ኮሌጁ በተጫዋች ምልመላ ደንብ በመጣስ በ1955 ተቀጥቶ ስለነበር ሻምፒዮኑ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ ከሚደረገው የክብር ጨዋታ ታግዶ ቀረ። ታዲያ ዋንጫውን ያመጣው ጥሙ ነው ወይስ ምልመላው?

የሰውየውን ችሎታ መካድ አይገባም። ብራያንት ኋላ በአላባማ ስድስት ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮና አግኝቶ በ1983 ሞተ። ስታሊንግስም ራሱ ትልቅ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1968 መግቢያ የኤ ኤንድ ኤምን ቡድን ይዞ የቀድሞ መምህሩን አላባማ 20 ለ 16 አሸንፏል። በ1979 የጃንክሽን ልጆች ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እዚያው ሲሰባሰቡ ብራያንትም አብሯቸው ነበር። የቆዩት ይኮራሉ፤ መኩራታቸውም የሚያስወቅስ አይደለም። ያለፉበትን መከራ ከንቱ ነበር ብሎ ማመን ለማንም ይከብዳል።

የእኛ ጥያቄ ስለ ሌሎቹ ነው። በሌሊት ሻንጣ ይዘው የወጡት ስድሳ ምናምን ልጆች ሁሉ ሰነፎች ነበሩ? የሚተርክ ሁልጊዜ የተረፈ ስለሆነ መልሱን የሚሰጥ የለም። በ2003 የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ተጫዋቾች ሙቀቱን ቀስ በቀስ እንዲለምዱ የሚያዝ ደንብ አውጥቷል፤ ዛሬ ጃንክሽን ላይ እንደተደረገው ቢደረግ አሠልጣኙ ሥራውን ያጣል። በ1954 ውሃ የጠየቀው ልጅ ልክ ነበር ማለት ነው።

እኛም ተማሪዎች ነን። «ያኔ ተቀጥቅጠን ነው ሰው የሆነው» የሚል መምህርም፣ አለቃም፣ ወላጅም እንሰማለን። ቃሉን በአክብሮት እንስማ። ነገር ግን አብረው ስንት ገብተው ስንት ወጡ ብለን መጠየቅ አለብን። ሁለተኛው አውቶቡስ ባዶውን ከተመለሰ ጥፋቱን ሁሉ በተሳፋሪዎቹ ላይ መጣል አይቻልም፤ ሾፌሩም ይጠየቃል።